«ደህና ናት» ያልኩበት ቅዳሜ

ኳስ ካቆምኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ሰፈር ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች አሁንም መንገድ ላይ ያስቆሙኝና «ምነው በደህናሽ ጊዜ ተውሽው?» ይሉኛል። «ጉልበቴን አሞኝ ነው» እላቸዋለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ እሱስ ውሸት አይደለም። ግን ጉልበቴን እያመመኝም አራት ዓመት ተጫውቻለሁ፤ አምስተኛውንም እጫወት ነበር። ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ሙሉውን የሰሙት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለእናንተም የምነግራችሁ ማዘን ያለባችሁ ለኔ እንዳልሆነ አስቀድሜ እያሳሰብኩ ነው።

ሰናይት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ፣ ሩፋኤል አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። በአንድ ድርጅት የሴቶች ቡድን ውስጥ የመሀል ተከላካይና አምበል ነበርኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኳስ በቀር ሌላ ሥራ አላውቅም። ሰው ሁሉ ጠንካራ ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜው ነበር።

የቡድናችን በረኛ ሰሚራ ትባላለች። ያገኘኋት እኔ ነኝ። ዊንጌት አጠገብ ባለ አቧራማ ሜዳ ላይ ከወንዶች ጋር ስትጫወት አየኋት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከወንዶቹ አንዱ ከቅርብ ርቀት የመታውን ኳስ በደረቷ ይዛ «በቃ? ይኼ ነው ያላችሁ?» አለቻቸው። በዚያው ሳምንት ቤተሰቦቿን ላነጋግር ሄድኩ።

አባቷ ጋሽ ከድር ይባላሉ። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው ዊንጌት ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እንቢ ይሉኛል ብዬ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ ኳስ አልጠላም። በሬዲዮ እሰማለሁ። የምፈራው ልጄን ነው። ይቺ ልጅ ሕመም አትናገርም። ትንሽ እያለች ክንዷ ተሰብሮ፣ ጨዋታ ይቀርብኛል ብላ ሦስት ቀን ደብቃናለች። እሷ አትናገርም፤ ስለዚህ አንቺ ነሽ የምታይልኝ። መውጣት ካለባት አንቺ ታስወጫታለሽ። አደራ ብያለሁ።»

«እሺ ጋሽ ከድር፣ እንደ እህቴ ነው የማያት» አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ እህቴ ነበረች። ልምምድ አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን። ከሜዳ ውጭ ፀጥተኛ ናት፤ ጎል መሃል ስትቆም ግን አሥር ሰው ታዝ ነበር፣ እኔን ጨምሮ።

በዚያ ዓመት ቡድናችን ተንሸራተተ። የመጨረሻው ጨዋታ ሲቀረን ላለመውረድ አቻ መውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። በሳምንቱ ውስጥ የቡድን መሪያችን አቶ ደረጀ ሰበሰቡንና «ከወረዳችሁ ድርጅቱ የሴቶቹን ቡድን ይዘጋዋል፤ ከወዲሁ እወቁት» አሉን። ሃያ አራት ልጆች ነበርን። ግማሾቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ በቡድኑ ቤት የሚኖሩ ናቸው። ሌላ የሚገቡበት የላቸውም። ያን ቀን ማንም ሳይስቅ ከልምምድ ተመለስን።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ፀሐዩ ከባድ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል በደህና ከተከላከልን በኋላ አንድ ረጅም ኳስ ከኋላዬ ወደቀ። ዞሬ ልሮጥ ስል ጉልበቴ እንቢ አለኝ። አጥቂዋ አልፋኝ ሄደች። ሰሚራ ከጎሏ ወጥታ የአጥቂዋ እግር ሥር ተወረወረች። ኳሱን ያዘችው፤ የአጥቂዋ ጉልበት ግን ጆሮ ግንዷን መታት። ድምፁን ሰማሁት።

ስደርስ ኳሱን እንደታቀፈች ዓይኗ ተከድኗል። «ሰሚራ!» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ወጌሻው ሮጦ እስኪደርስ ዓይኗን ገለጠች። ውሃ አፈሰሰባት፤ አንገቷን ነካ ነካ አደረጋት፤ ዳኛዋ መጥታ «ትቀጥያለሽ?» ስትላት አውራ ጣቷን አሳየቻት። ሰው አጨበጨበ። ጨዋታው ቀጠለ።

እረፍት ወጣን። ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ ቧንቧ አለ፤ ፊቴን ልታጠብ ስሄድ ሰሚራ ውሃውን ከፍታ እያየችው ቆማለች። አትታጠብም፣ አትጠጣም።

«ምነው?» አልኳት።

«ሰኒ» አለችኝ፤ «ዛሬ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። የተጋጣሚያችንን ስም ነገርኳት። «እሺ» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆይታ ደግማ «ከማን ጋር ነው ግን የምንጫወተው?» አለችኝ። ልክ ቅድም እንዳለችው፣ በዚያው ድምፅ።

ውሃውን ዘጋሁና ወደ እኔ አዞርኳት። «ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ። ለኮች እንዳትነግሪው።»

እዚህ ጋ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አላወቅሁም ነበር ብል ማንም አይከራከረኝም። ሐኪም አይደለሁም። ግን አውቄያለሁ። ምን እንደሆነ ባላውቅም፣ መውጣት እንዳለባት አውቄያለሁ።

ወደ መልበሻ ክፍሉ ስመለስ አሰልጣኛችን ሰለሞን በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ሰናይት፣ በረኛዋ እንዴት ናት? ቤቲን ላሟሙቃት ወይ?» አለኝ። ቤቲ ተጠባባቂዋ በረኛ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንድም የሊግ ጨዋታ ተሰልፋ አታውቅም። በአሰልጣኙ ትከሻ በኩል አየኋት፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጓንቷን ታወልቃለች፣ ታጠልቃለች።

«ደህና ናት» አልኩት።

አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም። ለብዙ ጊዜ ለሃያ አራቱ ልጆች ብዬ ነው ያደረግሁት እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ሌላውን ግን ለራሴም ለመናገር ዓመት ፈጅቶብኛል። ቡድኑ ከተዘጋ በዚያ ጉልበት ማንም አይወስደኝም፤ ኳሴ በዚያ ቅዳሜ ማለቁ ነው። እንዲያልቅ አልፈለግሁም።

ሁለተኛውን አጋማሽ በአፌ ነው ያጫወትኳት። «ሰሚራ፣ ውጪ! ሰሚራ፣ ወደ ግራ! ያዢው! ምቺው!» እላለሁ። ሰውነቷ የለመደውን ይሠራል። ሁለት ከባድ ኳስ አወጣች፤ አንዱን በጣቷ ጫፍ። አንድ ጊዜ ግን ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ አየችው። ምን እንደሚደረግበት የረሳች ትመስል ነበር። ሄጄ እኔው መታሁላት። ተመልካቹ ሰዓት የምንገድል መስሎት ያፏጫል።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ልጆቹ እየተላቀሱ ተቃቀፉ። ሰሚራ ጎሏ መስመር ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ስንነሳ መኪናው አጠገብ አስመለሳት። ወጌሻው «ፀሐዩ ነው» አለ። እኔም ፀሐዩ ይሁን ብዬ ተመኘሁ።

በቡድኑ መኪና ወደ ጉለሌ ስንመለስ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ልጆቹ ይዘፍናሉ። ፓስተር ሰፈር ስንደርስ «ሰሚራ፣ ተነሺ፣ ልንደርስ ነው» አልኳት። አልተነሳችም። ነቀነቅኋት። አተነፋፈሷ ከባድ፣ የማንኮራፋት ዓይነት ሆኗል። የዓይኗን ቆብ ገለጥኩት፤ የአንዱ ዓይኗ ብሌን ከሌላው ይልቅ ሰፍቷል። «መኪናውን አቁም!» ብዬ ስጮህ ዘፈኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ሹፌሩ ያለ የሌለ ጥሩምባውን እየነፋ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል በረረ።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እያየቻት «መቼ ነው የተመታችው? ከተመታች በኋላ ራሷን ስታ ነበር? ግራ ተጋብታ ነበር?» እያለች በፍጥነት ትጠይቃለች። አሰልጣኝ ሰለሞን «ኧረ ምንም አልነበራትም፤ ሙሉ ጨዋታውን ጨርሳለች» አላት። የሚያውቀውን ነው የተናገረው። እኔ አጠገቡ ቆሜ አላረምኩትም። ሐኪሟ አልጋውን እያስገፋች ስትሄድ ግን እግሬ ተከተላት። ኮሪደሩ ላይ ደርሼባት «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጀምሮ ግራ ተጋብታ ነበር። ያንኑ ጥያቄ ሁለቴ ጠይቃኛለች» አልኳት።

ቆመችና አየችኝ። «እና አጫወታችኋት?»

«አዎ።»

«ከራስ ቅሏ ስር ደም ሳይፈስ አልቀረም፤ አንጎሏን እየተጫነው ነው። አሁኑኑ ካልተከፈተ…» ብላ ሳትጨርሰው ገባች።

ጋሽ ከድርና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሲደርሱ ሰሚራ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች። ጋሽ ከድር ሱቅ ውስጥ የሚለብሱትን ሰማያዊ ጋዋን እንደለበሱ ነው የመጡት። ሌላ ሰው ሳያዩ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ምን ሆነች?»

«ድንገት ነው ጋሽ ከድር። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከዚያ አልነቃ አለችኝ።»

«ከዚያ በፊት ደህና ነበረች?»

«ደህና ነበረች።»

ለሐኪሟ እውነቱን የነገርኩት እኔ፣ ለአባቷ ዋሸሁ። ሁለቱ መሃል ግማሽ ሰዓት እንኳ አልነበረም።

ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ መሽቷል። ሐኪሟ ወጥታ ደሙ መውጣቱን፣ ልጅቷ ግን በማሽን እየተነፈሰች እንደሆነና መቼ እንደምትነቃ፣ ስትነቃም ምን እንደምትሆን እንደማታውቅ ነገረችን። «በሰዓቱ ባትደርስ አታገኟትም ነበር» አለች። ጋሽ ከድር ያችን ቃል ይዘው ዞር አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። «አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ» አሉኝ።

እሑድን እንዴት እንደዋልኩት አልረሳውም። የሰፈር ሰው ጎረፈ። ከመስጊድም ከዕድርም፣ የዊንጌት ነጋዴዎች፣ የሰሚራ የትምህርት ቤት ጓደኞች። ጋሽ ከድር የመጣውን ሁሉ ወደ እኔ ያመጡታል። «ይቺ ናት ሰናይት። ዓይኗን ገልጣ አይታ፣ መኪናውን አስቁማ ያደረሰቻት ይቺ ናት» ይላሉ። ሰው እጄን ይዞ ይመርቀኛል። እትዬ ዘይነባ ከቤት ያመጡትን ምግብ ከሌላው ለይተው ለኔ ያስቀምጣሉ፤ «ብይ ልጄ፣ አንቺም ሰው ነሽ» ይሉኛል።

ከሰዓት በኋላ አየር ልቀበል ብዬ ወጣሁና ሳላስበው ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ ሄድኩ። አጥሩ ላይ ተደግፌ «ብታድንልኝ ለወላጆቿ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ስመለስ መንገድ ላይ ምን እንዳልኩ ገባኝ። ከዳነች እነግራቸዋለሁ፤ ካልዳነችስ? ካልዳነች እየተመረቅሁ ልኖር ነው። የተሳልኩት ለካ ለራሴ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አቶ ደረጀ መጡ። የቡድን መሪው ናቸው ብያችኋለሁ። ወደ ጥግ ወሰዱኝና ከፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ አንድ ወረቀት አወጡ። ለፌዴሬሽን የሚላክ ሪፖርት ነው። አነበብኩት። «ተጫዋቿ በጨዋታው ወቅት ምንም ዓይነት የሕመም ምልክት ያላሳየች ሲሆን…» ይላል። ሥር የአሰልጣኙ ፊርማ አለ፤ ከጎኑ ለአምበሏ ክፍት ቦታ ተትቷል።

«ሰለሞን ፈርሟል» አሉኝ፤ «እሱማ ‹እኔ የማውቀው ሰናይት የነገረችኝን ነው፣ ደህና ናት ብላኛለች› ነው የሚለው። አንቺ ፈርሚና ነገሩ ይዘጋ። ልጅቷም እንደሆነች አላህ ይማራት፤ ወረቀት አያድናትም፣ አይገድላትም።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኳቸው። ልፈርም ነበር፤ አልዋሻችሁም። በዚያች ቅጽበት ጋሽ ከድር በሁለት እጃቸው ሻይ ይዘው ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አሉ። አንዱ ለኔ ነው። እንዳይፈስባቸው ዓይናቸውን ብርጭቆዎቹ ላይ ተክለው፣ በዝግታ እየተራመዱ ይመጣሉ።

ወረቀቱን ለአቶ ደረጀ መለስኩላቸው። «መጀመሪያ የምናገረው አለኝ» አልኳቸው።

ጋሽ ከድርን ወደ ግቢው ወሰድኳቸው። አንድ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጥኩትና ከቧንቧው ጀምሬ ነገርኳቸው። ሳላቋርጥ ነው የተናገርኩት፤ ባቋርጥ አልጨርሰውም ነበር። ስጨርስ እሳቸውም ብርጭቆአቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ፊታችን ያለውን ደረጃ ጠርጋ ጨርሳ ሄደች።

«ምን ብላ ነው የጠየቀችሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ዛሬ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው አለችኝ።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴ።» ከዚያ፣ ለምን እንዳልኩት አላውቅም፣ «ለኮች እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር» አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔን ያዩት። «እሷማ ትላለች» አሉኝ። «እንደምትል ነግሬሽ ነበር።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። «ተይ። አሁን ይኼን አልችልም» አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም። «ለእናቷ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ቤትሽ ሂጂ። እስክጠራሽ እዚህ አትምጪ።»

ሄድኩ። አቶ ደረጀ በሩ ላይ ነበሩ፤ አልፈረምኩም። በሳምንቱ ፌዴሬሽኑ ጠርቶ ሲጠይቀኝ ያደረግሁትን እንዳለ ተናገርኩ። ቡድኑ አሰናበተኝ። እውነት ለመናገር ባያሰናብቱኝም ከዚያ በኋላ ጫማዬን ማሰር አልቻልኩም።

ጋሽ ከድር አልጠሩኝም። ሰሚራ በስድስተኛው ቀን መንቃቷን የሰማሁት ከቤቲ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ስትናገር የገዛ እናቷን ስም ታጣው እንደነበረ፣ ቀኝ እጇ እንደማይታዘዝላት፣ ይህን ሁሉ በወሬ ወሬ ሰማሁ። በአራተኛው ወር እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ደጄ መጡ። ከበሩ አልገቡም። «ልትጠይቂያት ከፈለግሽ ነገ ነይ። እሷ ናት ጥሪልኝ ያለችው፤ እኔ አይደለሁም» አሉኝና ተመለሱ።

ሰሚራ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯ በአጭሩ በቅሏል። ቃላቱ ዘግይተው ነው የሚመጡላት፤ ግን ይመጣሉ። የዚያን ቀን ጨዋታ አንዲት ደቂቃ አታስታውስም። አባቷ ሁሉንም ነግረዋታል።

«ስንት ለስንት ወጣን?» አለችኝ መጀመሪያ።

«ባዶ ለባዶ።»

ፈገግ አለች። «ጎል አልገባብኝም።»

ለይቅርታ ያዘጋጀሁትን ስጀምር በግራ እጇ አስቆመችኝ። «ኳስ… አቆምሽ አሉኝ። ለምን?»

«ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ…»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ» አለች፤ ቃሉን እየፈለገች ጠበቀች፤ «ለኔ… ምንም አልጠቀመኝም። መጫወት ያልቻልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ትችይ ነበር።»

ተቆጥታ ነበር። ያስቆጣት ያን ቅዳሜ ያደረግሁት ይሆናል ብዬ ነበር የሄድኩት። እሷን ያናደዳት እሷ ያጣችውን እኔ በገዛ እጄ መጣሌ ነበር።

ቡድኑ ያን ዓመት አልወረደም። በዓመቱ ድርጅቱ ሌላ ምክንያት አግኝቶ ዘጋው። ልጆቹ ተበተኑ።

እንግዲህ ይህን ካነበባችሁ በኋላ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። አሁን ምን እሠራለሁ? የሰፈር ሴት ልጆችን አሠለጥናለሁ። ራሷን የተመታች ልጅ በኔ ቡድን ያን ቀን አትመለስም፤ ብታለቅስም፣ እናቷ ብትቆጣኝም። ባለፈው ክረምት በዚህ ምክንያት የፍጻሜ ጨዋታ ተሸነፍን፤ አንዷ ተጫዋቼ ሦስት ሳምንት ሰላምታ ነሳችኝ። ይህ ዕዳዬን ይከፍላል ብዬ አላስብም። እኔ የምጠነቀቅላቸው ልጆች ሰሚራን አያውቋትም፤ እሷም ከጥንቃቄዬ ያገኘችው የለም።

ጠንካራ ነኝ የምትሉ ካላችሁ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ክፉ ሰው ሆኜ ያደረግሁት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የምወዳት ልጅ ናት። እየወደድኳት፣ አደራዋን ተቀብዬ፣ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ሰው የሚወደውን አይጎዳም የሚለውን ከዚያ ወዲህ አላምንም። የፈራ ሰው የሚወደውንም ይጎዳል፤ እኔ የዚያን ቀን ፈርቼ ነበር።

ጋሽ ከድር ይቅር ብለውኛል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልጠየቅኋቸውም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ የቤተሰቦቼን ደህንነት ይጠይቁኛል። ሰሚራን ግን አንስተውልኝ አያውቁም። ብጠይቃቸው እሺ የሚሉኝ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ እኔ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ። እሳቸው ደግሞ ጠዋት ተነስተው የሃያ አምስት ዓመት ልጃቸውን የሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋሉ።